ሳትወድቅ የሚጥል በሽታ አለባት የተባለችው ልጄ

ድሬሰር ዘውዱ ልጄን በእጁ ሳይነካ በሽተኛ ያደረጋት በደርግ ጊዜ፣ ቢቸና ከተማ ውስጥ፣ በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። የባሌ እኅት ይታክቱ ደግሞ በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ልጄን ከእጄ ወስዳ ሞጣ ከሚገኘው ቤቷ ምሰሶ ላይ አሰረቻት። ያኔ ሁለቱንም አንቱ እላቸው ነበር። አሁን ስጽፍ ግን አንተና አንቺ ብያቸዋለሁ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ልጇን ይዛ መጥታ፣ “አልቀመጥ አለኝ፣ ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ጸበል?” ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። በቃል ልመልስላት ስሞክር ድምፄ ተቆጣ፤ እሷም ደነገጠችና ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። የማልጽፈው ነገር አለ፤ እሱ የኔ ነው። የጻፍኩት ግን እንደሆነው ነው።

ትርንጎ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ የመጨረሻዬም ሆነች። ዓመት ሳይሞላት ቆማ ሄደች፣ ከዚያ በኋላ ቁጭ አላለችም። ስትበላ ትሮጣለች፣ ስታወራ ትዘላለች፤ የጀመረችውን ወሬ ግማሹን እኔ ዘንድ፣ ግማሹን ጎረቤት ሄዳ ትጨርሰዋለች። አንድ ቀን አጣኋትና ሰፈሩን ሳስስ፣ የእህል ጎታው አናት ላይ ተቀምጣ በጣሪያው ጭድ ቀዳዳ ወደ ታች ታየኝ ነበር። ማዕተቧን ስንት ጊዜ እንደጣለችው አላስታውስም። ክሩን የምትሸጥልኝ ሴት፣ “ይቺ ልጅሽ ትበላዋለች ወይ?” ትለኝ ነበር።

እኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የምተዋት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት እሄዳለሁ። ጠረጴዛዬ ሥር ሆና የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ስትፈታ፣ ጣቷ ቀለም ሲሆን፣ በቀለሙ ጣት ደግሞ ግድግዳ ላይ ስትጽፍ ትውላለች። ፊደል የለየችው እዚያ ነው፣ በአራት ዓመቷ፣ ማንም ሳያስተምራት። አለቃዬ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። “አበራሽ፣ ይቺን ልጅሽን ከደብዳቤው ጋር በአባሪነት ላኪያት፤ ከፖስታው ቀድማ ትደርሳለች” ይሉኝ ነበር። እስቅ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ትምህርት ቤት ስትገባ ሳቁ አለቀ።

አስተማሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። በሁለተኛው ወር አስጠራችኝና፣ “ወይዘሮ አበራሽ፣ ልጅዎ በበር ትገባለች፣ በመስኮት ትወጣለች” አለችኝ።

“እንዴት አድርጋ?”

“እሷን ይጠይቋት። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስዞር የለችም። ሌላ ቀን ደግሞ ቁጭ ትላለች፣ ግን ስጠራት አትሰማኝም። ሦስት ጊዜ ‘ትርንጎ’ ብዬ እጠራታለሁ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ እሷ ግን እዚያ የለችም። አራተኛው ላይ ተነስታ ያልጠየቅኳትን ትመልሳለች።”

ባሌ አያሌው እዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ያለውን ክፍል ያስተምር ነበር። በመምህራን ክፍል፣ “አያሌው፣ ልጅህ ዛሬ በየት በኩል ወጣች?” ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፣ ቤት መጥቶ ግን እራቱን አይነካም። ስለ ባሌ ብዙ አልጽፍም። ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲጨንቀው ቁርጭምጭሚቱን የማሸት ልማድ ነበረው። እዚያ ላይ ዙሪያውን የከበበ ጠባሳ አለ። ስጠይቀው፣ “በልጅነቴ የእሾህ አጥር ይዞኝ ነው” ብሎኛል።

ጤና ጣቢያ ውሰጃት ያለኝ እሱ ነው። ወሰድኳት።

ድሬሰር ማለት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማረ የጤና ሠራተኛ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ለእኛ ሐኪማችን ዘውዱ ነበር። የቀበሌው ኮሚቴ አባልም ስለሆነ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይነሳል። ከንጋቱ ጀምረን ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ተቀመጥኩ ማለቴ ነው። ትርንጎ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ ሕመም አጥንታ ጨረሰች። ከዚያ ዘበኛው ያደለውን የካርቶን ቁጥር ከየሰው እጅ ሰብስባ፣ በቅደም ተከተል ደርድራ፣ ለሌላ ለሌላ ሰው አደለችው። ግርግር ሆነ። አንዲት እናት፣ “ይቺን ሰይጣን ያዢልን” አለችኝ። አንድ የሚያስላቸው ሽማግሌ ግን በትራቸውን ሰጧትና፣ “ነይ ልጄ፣ ይኸ ፈረስ ነው፤ ግቢውን አዙሪልኝ፣ ከቆመ ይሞታል” አሏት። ወረፋችን እስኪደርስ ጋለበች። ስማቸውን አልጠየቅኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ አንዱ እሱ ነው።

ዘውዱ ከወንበሩ አልተነሳም።

“ምን ሆነች?”

“አትቀመጥም ጌታዬ። ትምህርት እምቢ አላት።”

“ስትጠራ ትፈዛለች?”

“አንዳንዴ።”

“ዓይኗ እንደተከፈተ ነው የምትፈዘው?”

“አስተማሪዋ እንደዚያ ትላለች።”

“ሌሊት ትንፈራገጣለች?”

“እግሯ አያርፍም፣ መቼም።”

ጻፈ። ሳያየኝ፣ “የሚጥል በሽታ ነው” አለ።

“ወድቃ እኮ አታውቅም” አልኩት።

“ሳትወድቅ ስለደረስኩባት ነው። ዕድለኛ ነሽ።”

ኮራ ብሎ ነበር የተናገረው። ነጫጭ ደቃቅ እንክብሎች በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ፌኖባርቢታል የሚባል፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ማስታገሻ የሚሆን መድኃኒት ነው። ጠዋትና ማታ አለኝ። እስከ መቼ አላለኝም። በድንገት እንዳላቋርጠው አልነገረኝም። ይህን የምታነቡ ወላጆች እዚህች ላይ ቆም በሉ። እኔ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ይኸ ነው፤ “ባቋርጠውስ ምን ይሆናል?” የሚለው።

ለማንም አልተናገርኩም። አያሌውም አልተናገረም። በአምስተኛው ቀን ልጄን ልወስድ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ ለሷ ብቻ የተለየ ጣሳ ተቀምጦ አገኘሁ፤ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። በእኛ አገር የሚጥል በሽታ በትንፋሽና በለሃጭ ይጋባል ይባላል። ትርንጎ እየሮጠች መጣች።

“እማ፣ የኔ ብቻ ጣሳ ሰጡኝ። የሌሎቹ የጋራ ነው” አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

እንክብሉ አላረጋጋትም። ባሰባት። በፊት የማትቀመጥ ልጅ ነበረች እንጂ የምትናከስ አልነበረችም። አሁን ያለምክንያት ታለቅሳለች፣ እንቅልፏን አጣች፣ በትንሹ ትቆጣለች፣ የጎረቤት ልጅ ክንድ ነክሳ መጣች። ሄጄ ለዘውዱ ነገርኩት። “አልበቃትም ማለት ነው” ብሎ እጥፍ አደረገው። እጥፉን ሰጠኋት። ትምህርት ቤቱ በጥር ወር፣ እስክትድን ቤት ትቆይ አለ። መጽሐፏን ይዤ በምሳ ሰዓት ላስተምራት ሞከርኩ። ገጹን ትቀድዳለች፣ ገጹን ትበላለች፣ ከዚያ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ “እማ፣ ውስጤ ይሮጣል” ትለኛለች። ይህን አባባሏን ለዘውዱ አልነገርኩትም። ቢሰማው ሦስት እጥፍ ያደርገው ነበር።

ለፋሲካ ይታክቱ ከሞጣ መጣች። አያሌውን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው በወሊድ ስለሞተችባቸው። እሷ ስትገባ ባሌ ከወንበሩ ተነስቶ መሬት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ትርንጎን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

“ይኸን ሁሉ ወር ምን ስትጠብቂ ነው? በመኪናሽ ጽፈሽ ልታድኛት ነው?”

“መድኃኒት እየወሰደች ነው እትዬ።”

“እያየሁት ነው ያመጣላትን። ጸበል ነው የሚያስፈልጋት።”

“እሺ፣ እንሄዳለን። እንክብሉንም እየሰጠኋት...”

“ጸበል እየጠጣች እንክብል አትውጥም” አለች። “ወይ በዚህ ነው ወይ በዚያ ነው። እግዜርን በግማሽ ልብ ነው የምትለምኝው?” ብላ የእንክብሉን ጥቅል ከመደርደሪያ አነሳችና ከምድጃው አመድ ጋር አፍሳ ወደ ውጭ ወሰደችው።

አልተከራከርኩም። ፈርቻት ብቻ አይደለም። እኔም እንዲሁ ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ ጸበል ላይ ያለ ሰው የሐኪም መድኃኒት አይቀላቅልም። ባሌም አቀርቅሮ ቁርጭምጭሚቱን ያሻል።

ጸበሉ ከቢቸና ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሰባት ቀን ልንቆይ ነበር የሄድነው፤ እኔ፣ ይታክቱና ትርንጎ። የመጀመሪያው ቀን ልጄ ደስ ብሏት ነበር። ገደሉን፣ ጦጣውን፣ የሚፈሰውን ውኃ አየች፤ ከአንዱ ቋጥኝ ወደ ሌላው ስትዘል ይታክቱ እንኳ ፈገግ አለች። በሁለተኛው ቀን እጇ ተንቀጠቀጠ። በርዷት ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳለን፣ ወሬ ጀምራ፣ ቃሉ አፏ ላይ ቀረና ወደቀች።

ያን ዓይነት መውደቅ ከዚያ በፊት አይቼባት አላውቅም። እጅና እግሯ ደርቆ ተወራጨ፣ አፏ አረፋ ደፈቀ። ሰው ከበበን። ክብሪት ጭረው አፍንጫዋ ሥር አደረጉ። “ያዛት፣ ያዛት” ይላሉ። ይታክቱ ደረቷን እየደቃች፣ “አየሽ? አየሽ የተደበቀውን?” ትለኛለች። የሚያጠምቁት አባ ገና ሌላ ሰው ላይ ነበሩ። አንዲት ሴትዮ፣ “እናትየዋ ትጠይቀው፣ ለእናት ይናገራል” አለች።

ጠየቅኩ።

ልጄን ሁለት እጇን መሬት ላይ ይዤ፣ “ማነህ?” አልኳት። “ማነህ? ከየት አገኘሃት? ልጄን ልቀቃት” እያልኩ ነቀነቅኳት። አልመለሰችም። በጥፊ መታኋት። ይኸም ይጻፍ፤ ሁለት ጊዜ ነው። መንቀጥቀጡ ሲተዋት ዓይኗን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ምላሷን ነክሳው ስለነበር ቃሏ ተንሻፎ ነው የወጣው።

“እማ፣ ማንን ነው የምትቆጪው?”

ያን ቀን ዘውዱ ልክ ነበር ብዬ አመንኩ። ይታክቱም ልክ ነበረች ብዬ አመንኩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማመን እንዴት እንደቻልኩ አሁን አላውቅም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢቸና ገባ። እዚያ ጸበል ላይ ከከተማችን ያልመጣ ሰው አልነበረም። ይታክቱ አያሌውን አስቀምጣ ፍርዱን ሰጠች፤ “እዚህ አገር ሁሉ አይቷታል። እኔ ጋ ትሂድ። ሞጣ ማን ያውቃታል?” እሱ፣ “አንቺ ካልሽ” አለ። እኔ እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ጫንኳት። ትርንጎ አውቶቡሱን ስለወደደችው ራሷን በመስኮት አውጥታ ፊት ለፊት መንገዱን ስታይ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ለምን ታያለች፤ የምትመለስ መስሏታል።

ከሥራ ያለፈቃድ መሄድ በዚያን ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በየሳምንቱ ይታክቱ በሰው እያስጻፈች ትልክልኝ ነበር፤ “ልጅሽ ደህና ናት፣ ተረጋግታለች፣ አርፋ ተቀምጣለች” የሚል። አርፋ ተቀምጣለች የሚለውን አነብና ደስ ሊለኝ ሲገባ ይጨንቀኛል። ልጄን አውቃታለሁ። በሐምሌ ፈቃዴ ተፈረመልኝና ተነሳሁ። ዝናብ ነበር። አውቶቡሳችን ደብረ ወርቅን አልፎ ጭቃ ያዘው፤ ወንዶቹ ሲገፉ ሴቶቹም ወርደን ገፋን። ሞጣ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። አስቀድሜ መልእክት አልላክኩባትም፣ ሳታውቅ ነው የገባሁት።

ትርንጎ በጓዳ ነበረች። በቀኝ እግሯ ቁርጭምጭሚት ላይ የጠፍር መጫኛ ታስሮ፣ ሌላው ጫፉ ምሰሶው ላይ ነው። ገመዱ በሚደርስበት ልክ የወለሉ ልስን ክብ ሆኖ ተልጧል። ዞራ ዞራ ነው። ስታየኝ ብድግ አለች፣ ወደ እኔ ሮጠች፣ ገመዱ አለቀና ወደቀች።

ይታክቱ ከደጅ ገባች። አላፈረችም።

“ምን ዓይንሽን ታፈጥጪብኛለሽ? ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ገላዋን አጥባታለሁ፣ ማታ ከጎኔ ነው የምትተኛው። ብፈታት መንገድ ወጥታ መኪና ይበላታል።”

“ሰው እንዴት ይታሰራል እትዬ?”

“አያሌውን እንዴት አድርጌ ያሳደግኩት ይመስልሻል? እንዲሁ ነበር እሱም፣ ነፋስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላው ከዚሁ ምሰሶ አልተፈታም። ይኸው አስተማሪ ሆነ።”

ያን ጊዜ የባሌ ጠባሳ የአጥር እሾህ እንዳልሆነ ገባኝ። ቢላ ፈልጌ ጠፍሩን ቆረጥኩት። ይታክቱ አልከለከለችኝም። “ነገ ታመጫታለሽ” ብቻ አለችኝ።

ቁስሏ አመርቅዞ ስለነበር በቀጥታ የሞጣው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያም አግዳሚ ወንበር አለ፣ እዚያም ካርቶን አለ። ትርንጎ ግን በዚያ ቀን የማንንም ቁጥር አልሰበሰበችም። እግሬ ሥር ተኮርምታ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ፣ “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት” አለኝ።

የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ከድጃ ትባላለች፤ ከሐረር ተመድባ የመጣች፣ አጭር፣ ፈጣን ሴት። ቁስሉን ስታጥብ ማን እንዳሰራት አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ሌላ ነው።

“ለምንድን ነው የታሰረችው?”

“የሚጥል በሽታ አለባት።”

“ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው መቼ ነው?”

“በግንቦት።”

“መድኃኒቱን የጀመረችውስ?”

“በኅዳር።”

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። “ሳትወድቅ ነው መድኃኒት የጀመረችው?”

“ሳትወድቅ ደረስኩባት ብሎኝ ነበር።”

“በግንቦት ስትወድቅ መድኃኒቱን እየወሰደች ነበር?”

“ጸበል ስለሄድን አቋረጥን። በሦስተኛው ቀን ነው የወደቀችው።”

“ከዚያ ወዲህስ? እስከ ዛሬ?”

“አንዴም አልወደቀችም።”

ሲስተር ከድጃ ጓንቷን አወለቀችና ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፣ እንዳልጮህ ብላ ይመስለኛል። ያ እንክብል ለወራት ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥ፣ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የማያውቅን ሰው እንኳ ይጥላል። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። አንዳንድ ሕፃናትን ደግሞ ከማረጋጋት ይልቅ ያቅበጠብጣቸዋል። “እህቴ፣ ጸበሉ አይደለም የጣላት። የኖረባት በሽታም አይደለም። መድኃኒቱ ሲቀርባት ነው” አለችኝ።

አላለቀስኩም። ሁለት እጄን አየሁ።

ሐኪም ወደ ሞጣ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ይታክቱ ቤት አልመለስም ስላት ሲስተር ከድጃ ወደ ቤቷ ወሰደችን። እሷ ሙስሊም ናት። ሥጋዋን እንደማንበላ ስለምታውቅ በዚያ ዘጠኝ ቀን ቤቷ ውስጥ ሽሮና ምስር እንጂ ሌላ አልተሠራም፤ ለራሷም ጭምር። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ትርንጎን የተበተነ ፋሻ ታስጠቀልላታለች። ልጄ ሁለት ጠቅልላ ትነሳለች። ሲስተር፣ “ሁለት ጠቀለልሽ? ጎበዝ። በይ ግቢውን ሮጠሽ ነይና ሁለት ትጠቀልያለሽ” ትላታለች። በስድስተኛው ቀን ትርንጎ ሳቀች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ረጅም ጊዜ አያት፣ አጫወታት፣ ኳስ ወረወረላት፣ እኔን ብዙ ጠየቀኝ፤ ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ አለኝ። አባቷ አልኩት። ከዚያ፣ “ምናልባት” ብሎ ጀመረ። በአንድ ነገር ላይ መቆየትና አርፎ መቀመጥ ከሌሎች ልጆች ይልቅ የሚከብዳቸው ልጆች አሉ፤ በውጭ አገር ስም ተሰጥቶታል፤ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም፤ መድኃኒቱ እኛ ዘንድ የለም፤ እርግጠኛ ለመሆን ሌላ ሐኪም ደጋግሞ ሊያያት ይገባል። አንድ ትእዛዝ ብቻ በአንድ ጊዜ ስጫት አለኝ። ሥራዋን በትንሽ በትንሹ ቆራርጪላት፣ በመሃል ትሩጥ፣ አትምቺያት። ሬዲዮ ላይ የበሽታውን ስም በአማርኛ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለእኔ ግን “ምናልባት” የሚለው ቃል ይበቃኝ ነበር። ዘውዱ ምናልባት ብሎ አያውቅም።

ቢቸና ተመልሼ የሲስተርን ደብዳቤ ይዤ ዘውዱ ዘንድ ገባሁ። ትምህርት ቤቱ ያለ እሱ ወረቀት አልቀበልም ስላለ ነው፤ ጤነኛ ናት ብሎ እንዲጽፍልኝ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰልፈኛው ይሰማል። ደብዳቤውን አነበበና አጠፈው።

“ነርስ ናት የምታርመኝ?”

“ሐኪሙም አይቷታል ጌታዬ።”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ ወይዘሮ አበራሽ። ልጅሽ ወድቃለች ወይስ አልወደቀችም?”

“ወድቃለች፣ ግን...”

“አገር ያየው ነው። እኔ ሳትወድቅ ነው የነገርኩሽ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?”

ሰልፈኛው ራሱን ነቀነቀ። ለዘውዱ ነው የነቀነቀው። እንክብሉ፣ ማቋረጡ፣ ሦስተኛው ቀን፣ ይህን ሁሉ በዚያ በር ላይ ቆሜ ማን ይሰማኛል። እሱ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፣ እኔ የበሽተኛ እናት ነኝ። ወጣሁ። ዘውዱ እስካሁን በሕይወት አለ፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ሰው ያከብረዋል።

ቤት ገብቼ ለአያሌው ሁሉንም ነገርኩት። ምሰሶውንም። እጁን ከእግሩ ላይ አነሳ።

“ታስረህ ነበር” አልኩት።

“አድጌአለሁ” አለ።

“ልጅህ ቆስላለች።”

“እኔ ምን ሆንኩ? አስተማሪ ሆንኩ። እታታ ባትይዘኝ ገደል ነበርኩ። ልጅቷን መልሻት።”

“አልመልሳትም።”

“እንግዲያው ዝም በይ፣ አበራሽ። በቃ ዝም በይ።” ሲናገር ድምፁ የሕፃን ነበር። አዘንኩለት። ቢሆንም አልቆየሁለትም።

የዝውውር ማመልከቻዬን በራሴ መኪና ጻፍኩ። በመስከረም ሲስተር ከድጃ ካለችበት ሞጣ ተመደብኩ። ትርንጎን እዚያ አስገባኋት። ለአስተማሪዋ ስለ መውደቋ አልተናገርኩም፤ ስለማትቀመጥ ብቻ ነገርኳት። ደብተር የምታድለው፣ ጠመኔ የምታመጣው፣ ደወል የምትደውለው ትርንጎ ሆነች። አንድ ገጽ ትጽፋለች፣ ሜዳውን ትዞራለች። ሁለተኛና ስድስተኛ ክፍልን ደግማለች። ከእኩዮቿ ዘግይታ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ዛሬ በመንገድ ሥራ ቀያሽ ናት፤ ከአንድ ተራራ ወደ ሌላው ስትሄድ ትውላለች። ከዚያች የግንቦት ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ወድቃ አታውቅም። ዳነች የሚባል ከሆነ ዳነች።

ይታክቱ ዘንድ ግን ትሄድ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ። ብከለክላት በመስኮት ትወጣለች። ይታክቱ እሸት ትጠብስላታለች፣ ጸጉሯን ትሠራላታለች። አድጋም ከፊልድ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እዚያ ነበር።

ይታክቱ ስትሞት ትርንጎ ጥቁር ለብሳ መጣች።

“እማ፣ ተነሽ እንጂ። አስከሬኑ ሊወጣ ነው።”

“አልሄድም።”

“አብልታኛለች እኮ። ሰው ምን ይላል?”

“አስራሻለች” አልኳት። “እግርሽን እይው።”

እግሯን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። “አስራኛለች” አለች። “ስታስረኝ ግን ስሜን ትጠራ ነበር። አንቺ ማነህ ነው ያልሽኝ።”

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰማችም ብዬ ነበር የኖርኩት። ራሷን ስታ ነበር፣ አልሰማችም እያልኩ።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። እኔ ቀረሁ። ውኃ ቀድቼ ልብስ ዘፈዘፍኩ፣ አጠብኩ፣ አሰጣሁ። ለቅሶ አልደረስኩም፤ በሠልስቱም አልሄድኩም፣ በአርባውም አልሄድኩም።